ወፍጮው ለምን ቆመ? ቴክኖሎጂን በአማርኛ ስለሚጽፍ አንድ ተማሪ



በአገራችን ስለ ቴክኖሎጂ የሚነገረው ነገር አብዛኛው የቁጥር ነገር ነው። ስንት ኪሎ ሜትር የፋይበር መስመር ተዘረጋ፣ ስንት ሚሊዮን ሰው ሲም ካርድ አወጣ፣ ስንት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ገባለት የሚለው በየሪፖርቱ ይነበባል፤ በየመድረኩም ይጨበጨብለታል። ቁጥሩ ሐሰት ነው አልልም። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ ሪፖርት ውስጥ አንድ ዓምድ እንኳ የማይሰጠው ጉዳይ ነው። ያ ሁሉ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚያስዘርፍ ለባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳው ማን ነው?

በሰሜን ሸዋ እንዳየሁት ከሆነ ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ማንም ያላዘዛቸውና ማንም የማይከፍላቸው ተማሪዎች ይገኛሉ። የዛሬው ጽሑፌ ከእነርሱ ስለ አንዱ ነው። ክርክሬ አጭር ነው። ቴክኖሎጂን በሕዝብ ቋንቋ ጽፎ ማስረዳት እንደ ማንኛውም የሕዝብ አገልግሎት ሊቆጠር ይገባዋል፤ ይህን አገልግሎት የማይቆጥር፣ አልፎም የሚጠረጥር ሥርዓት ማሽን መግዛቱን ሊቀጥል ይችላል፣ መሠልጠኑ ግን ያጠራጥራል።

የአንኮበሩ ወፍጮ

ነገሩ አዲስ አለመሆኑን ለማየት ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትገኘው አንኮበር መመልከት ይበቃል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንኮበር የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ መናገሻ ነበረች። ንጉሡ የውጭውን ዓለም ዕቃና ጥበብ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ ከተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ጋር፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር የተዋዋሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጠመንጃው፣ መድፉ፣ ሰዓቱና ሌላው ገጸ በረከት ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባ።

በዚያው ዘመን አካባቢ ዲሜጥሮስ የተባለ የውጭ አገር ባለሙያ ለንጉሡ በውሃ የሚሠራ ወፍጮ ሠራላቸው። በጊዜው ሸዋ የነበሩ አውሮፓውያን እንደጻፉት ወፍጮው ሠርቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ካህናቱ የአጋንንት ሥራ ነው ስላሉት ብዙ ሳይቆይ ቆመ። ሰው ሳይነካው ድንጋይ ሲዞር ያየ፣ ምክንያቱንም ያልሰማ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችል ነበር?

ካህናቱን በድንቁርና መክሰስ ቀላል ነው። የዚያ ዘመን ካህን ግን ከማንም ይልቅ የተማረው ሰው ነበር፤ ቅኔ የሚቆጥር፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሰው የውሃ ኃይል መዘውር እንዴት እንደሚያዞር ሊገባው አይችልም ነበር ማለት ያስቸግራል። ወፍጮውን የሚሠራ ተገኝቶ ነበር፤ የጎደለው የሚያስረዳ ነው። ዋጋውንም የከፈሉት ካህናቱ አይደሉም። ወፍጮው ከቆመ በኋላ ሌሊት ተነሥተው፣ ተንበርክከው በድንጋይ ወፍጮ እህል መፍጨታቸውን የቀጠሉት የሸዋ ሴቶች ናቸው።

ተማሪው ምን አደረገ?

ከዚያው ከአንኮበር ወረዳ ገጠር የመጣ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አውቃለሁ። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ እንደ እርሱ ያሉ ጥቂት አይደሉምና። ነገሩ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። አንድ ጎረቤታቸው ሽልማት ደርሶዎታል የሚል የስልክ ጥሪ ተቀብለው፣ የጠየቋቸውን የምስጢር ቁጥር ነግረው፣ በግ ሸጠው ያስቀመጡትን ገንዘብ በአንድ ደቂቃ ተነጠቁ። ልጁ ለእረፍት ቤቱ ሄዶ ይህን ሲሰማ አንድ ገጽ የማይሞላ ማብራሪያ በአማርኛ ጻፈ። የምስጢር ቁጥር ማለት የጎተራ ቁልፍ ማለት ነው፤ ቁልፉን የሚጠይቅ ሁሉ፣ ማንነቱን ምንም ብሎ ቢናገር፣ ሌባ ነው፤ እውነተኛው ሠራተኛ ቁጥሩን አይፈልገውም፣ ምክንያቱም ሥራውን ያለ እርሱ ይሠራልና። ይኸው ነበር ጽሑፉ።

ጽሑፉ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የገጠር አስተማሪዎች በክፍል አነበቡት። ከዚያ በኋላ ተማሪው በየሳምንቱ አንድ አንድ ጉዳይ እያነሣ መጻፍ ያዘ። ስልክ ሲሞላ ምን ይጥፋ? ያገለገለ ስልክ ከመሸጥ በፊት ምን መደረግ አለበት? ዳታ ሳይነካ ለምን ያልቃል? በፊደላችን በስልክ እንዴት ይጻፋል? ርእሶቹን ከመማሪያ መጽሐፍ አላወጣቸውም፤ ሰዎች ከጠየቁት ነው የወሰዳቸው።

ከዚህ ሥራ ምን እንዳገኘ በጠየቅሁት ጊዜ የመለሰልኝ መልስ ለብዙ መምህራን ሊጠቅም ይችላል። «ኔትዎርክ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ በፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ» አለኝ፤ «ለአክስቴ ላስረዳት ስሞክር ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።» በእንግሊዝኛ የተሸመደደ ትርጉም ከአፍ ሲወጣ ያምራል፤ በእናት ቋንቋ ሲመነዘር ግን ባዶነቱ ይጋለጣል። ሌላም ነገር አገኘ፤ የሚያርመው አንባቢ። ስለ ባትሪ በጻፈው ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚሠራ አንድ የስልክ ጠጋኝ ስሕተት አገኘበትና ነገረው። ተማሪው የጠጋኙን እርማት ከምስጋና ጋር በሚቀጥለው ሳምንት አወጣ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የእርስ በርስ ግምገማ ስለምንለው ነገር ብዙ እንናገራለን፤ እዚህ ግን አንድ ተማሪና አንድ ጠጋኝ ያለ ኮሚቴ ፈጽመውታል።

ዋጋም ከፍሎበታል። የዳታውን ወጪ የሚችለው ከኪሱ ነው። ጓደኞቹ «ሲቪህ ላይ ምን ብለህ ልትጽፈው ነው?» ይሉታል። በእንግሊዝኛ ቢጽፍ ኖሮ የውጭ አገር ሰው ያየው እንደነበር የሚመክሩትም አሉ። ምክሩ ለእርሱ ጥቅም ያሰበ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤታቸው ግን እንግሊዝኛ አያነቡም።

የቃል ነገር

ቴክኖሎጂን በአማርኛ መጻፍ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚቀርብ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ቋንቋው ቃል የለውም የሚል። እርግጥ ነው፣ የቋንቋ ሊቃውንት የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል። ከባለሙያ ከወጡት ቃላት የለመድናቸው አሉ፤ «ድረ ገጽ»፣ «የይለፍ ቃል»፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ዛሬ ማንንም አያስደነግጡም። ሌሎቹ ደግሞ ከመዝገቡ ሳይወጡ ቀርተዋል። በአንጻሩ «ስልክ» የሚለው ቃላችን በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውን ስልክ በኪሳችን ይዘን ስንሄድ የቃሉን ዘር የሚጠይቀን የለም።

ተማሪው ለዚህ ክርክር የራሱ ሕግ አለው። አስቀድሞ ሰው በመንገድ የሚናገረውን ቃል ይጽፋል፤ ዳታ፣ ቻርጅ፣ አካውንት። ቀጥሎ ነገሩ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳል። ሊቃውንቱ ያወጡት ቃል ካለ በመጨረሻ ይጨምረዋል። እኔ ከዚህ የተሻለ የቋንቋ ፖሊሲ አላውቅም። ሰው የሚለምደው ቃል ነገሩ ከገባው በኋላ የመጣለትን ነውና።

በዚህ መንገድ የሄደም እርሱ የመጀመሪያው አይደለም። የዚሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጅ የሆኑት ከበደ ሚካኤል በ1940ዎቹ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ ሲጽፉ የመረጡት ቋንቋ አማርኛ ነበር። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ቢፈልጉ በዚያ ይጽፉት ነበር። የጠየቁት ጥያቄ ግን ለአገር ሰው የቀረበ ነበርና በአገር ሰው ቋንቋ ጻፉት። ያች ጃፓንም ብትሆን በመርከብና በመድፍ ብቻ አልሠለጠነችም። የሜጂ ለውጥ በተጀመረበት በ1868 እ.ኤ.አ. ፉኩዛዋ ዩኪቺ የተባለው ምሁር የፊዚክስን መሠረታዊ ሐሳብ በተራ ጃፓንኛ፣ ከሥዕል ጋር፣ ለሕፃንና ለአዋቂ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። የውሃው ወፍጮ በዚያ አገር ያልቆመበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ፊደሉ ራሱ በማን ገባ?

ዛሬ ተማሪው በስልኩ ፊደል የሚጽፈው ማንም መሥሪያ ቤት በዕቅድ ስላስገባለት አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየግላቸው ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ለማስፈር ሲደክሙ ነበር። በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላና በካሊፎርኒያ የነበሩት አቶ ፍሥሐ አጥላው ስማቸው ከሚነሡት ውስጥ ናቸው። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። የማይካደው ግን ሥራው የተጀመረው በግለሰቦች ተነሣሽነት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን እንደነበር የእኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሳላችሁ።

ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል አይደለም። በዚህ አገር ቴክኖሎጂ ወደ ሕዝብ የቀረበው በተደጋጋሚ በእንዲህ ያለ በግለሰብ ትጋት መሆኑን ለማሳየት ነው። እንግዲህ መንግሥት እንዲህ ላለው ትጋት ምን ምላሽ ሰጠ?

ዕውቀት የተጠረጠረበት ዘመን

መልሱ የሚያኮራ አይደለም። ከምርጫ 97 በኋላ የስልክ የጽሑፍ መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ። በ1998 ዓ.ም. የድረ ገጾች እገዳ ተጀመረ፤ ሰኔ 2010 ላይ እገዳው ሲነሣ የተከፈቱት ከ260 በላይ ነበሩ። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ከእነርሱም መካከል ዘላለም ክብረት የሕግ መምህር፣ አቤል ዋበላ መሐንዲስ ነበሩ። በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በተመሠረተባቸው ክስ ውስጥ ከቀረበባቸው ነገር አንዱ ኮምፒውተርንና የመልእክት ልውውጥን ከሰርጎ ገብ ስለ መጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነው። የገሚሶቹ ክስ በሐምሌ 2007 ተቋረጠ፤ የቀሩትን ደግሞ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው።

ነገሩን አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ። የይለፍ ቃልን ማጠንከር ዛሬ ባንኮች ደንበኞቻቸውን የሚመክሩት ነው። ያን ጊዜ ግን እንዲህ ያለው ዕውቀት የወንጀል ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። የአንኮበር ካህናት ያልገባቸውን የአጋንንት ነው አሉ፤ የ2006ቱ ዐቃቤ ሕግ የሽብር ነው አለ። ካህናቱን ቢያንስ ማንም አላስረዳቸውም ነበር።

ያ አዋጅ ዛሬ ተሽሯል። ልማዱ ግን አልተሻረም። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ምክንያት የአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱን ተከትሎ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ተማሪው ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ጽሑፎቹን በወረቀት አትሞ በፎቶ ኮፒ ቤቶች አስቀመጣቸው፤ የፈለገ እየገለበጠ ይወስድ ነበር። የስልክ ጥሪ በሚሠራባቸው ቀናት አጭበርባሪው እንደ ልቡ ይደውላል፤ ማስጠንቀቂያው ግን በእግር ይሄድ ነበር። መዝጋት ከሌባ ይልቅ ጠባቂውን እንደሚያስር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የጸጥታ ጉዳይ የለም አልልም። መንግሥት አስጊ ነው ያለውን መልእክት በሕግ፣ በፍርድ ቤት፣ ለይቶ ሊጠይቅ ይችላል። የሚሊዮኖችን መስመር በአንድነት መቁረጥ ግን ጥፋተኛውንና ንጹሑን በአንድ ገመድ ማሰር ነው።

አሁን ለምን ያሳስበናል?

ጉዳዩ አሁን የሚያሳስበን ሁለት ምክንያት ስላለ ነው። የመጀመሪያው ኑሯችን ወደ ስልክ መግባቱ ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ተገልጿል። መታወቂያው፣ ክፍያው፣ ብድሩ ሁሉ በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ስልኩ የማያውቅ ሰው ማንበብ ሳይችል ውል እንደሚፈርም ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተሰኘ ሥልጠና መጀመሩ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ይሁን እንጂ ኮድ የሚጽፉት አምስት ሚሊዮን ቢሆኑ፣ የተጻፈውን የሚጠቀሙት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ለእነዚያ ማን ይጻፍላቸው?

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እነዚህ ማሽኖች የሚማሩት ሰው ከጻፈው ነው። በአማርኛ ያልተጻፈውን በአማርኛ በደንብ ሊያውቁት አይችሉም። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከ15 ሺህ እምብዛም ያልራቁ ጽሑፎች ሲኖሩት የስዋሂሊው ከ80 ሺህ በላይ አለው፤ የእንግሊዝኛውን ባንጠቅሰው ይሻላል። እንግዲህ ነገ ከአንኮበር አንድ ገበሬ ስልኩን በአማርኛ ጥያቄ ቢጠይቀውና የተሳሳተ መልስ ቢሰጠው፣ ተጠያቂው ማሽኑ ብቻ ነውን? ዛሬ ተማሪው የሚጽፋት እያንዳንዷ ገጽ ለዛሬ አንባቢ ብቻ የምትጠቅም አይደለችም።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ፤ አንዳቸውም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ሥራ በእንግሊዝኛ መቅረቡን ባይተዉ እንኳ ተማሪው የሥራውን ፍሬ ሐሳብ በሚችለው የአገር ቋንቋ፣ በሁለት ገጽ፣ ዘመዶቹ እንዲረዱት አድርጎ ጽፎ እንዲያቀርብ ያድርጉ፤ ነጥብም ይሰጠው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ጨምሮ በየክልሉ ያሉት ሁሉ ይህን በአንድ ሴሚስተር ሊጀምሩት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ የመምህራን የደረጃ ዕድገት ሲመዘን ለሕዝብ የተጻፈ የሳይንስ ጽሑፍ ይቆጠር። ሦስት ሰዎች ብቻ የሚያነቡት የጆርናል ጽሑፍ ነጥብ እያስገኘ፣ ሦስት ሺህ ሰዎችን ከዝርፊያ ያዳነ ማብራሪያ ምንም የማይቆጠርበትን ሚዛን ማረም የእኛ የምሁራኑ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ኢንተርኔትን በጅምላ መዝጋት በሕግ ይከልከል፤ ማን፣ በምን ምክንያት፣ ለስንት ቀን ሊገድብ እንደሚችልና ማን እንደሚቆጣጠረው በግልጽ ይጻፍ። ያልተጻፈ ሥልጣን ገደብ የለውምና።

ይህ እስኪሆን ድረስ ሥራው በተማሪው ትከሻ ላይ ነው። ሲመረቅ ሥራ ማግኘቱን፣ ሥራ ሲያገኝ መጻፉን መቀጠሉን እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ድካም ይበግረዋል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣ እንዲኖር ከፈለግን ቢያንስ አናሹፍበት፣ አንጠርጥረው፣ መስመሩንም አንቁረጥበት። የሸዋ እናቶች ለአንድ ያልተነገረ ማብራሪያ ሲሉ ብዙ ዘመን በእጃቸው ፈጭተዋል። ልጆቻቸው ለሌላ እንዲህ ላለ ዝምታ እንዳይከፍሉ ማድረግ በእጃችን ነው።

ቸር ይግጠመን።